ሎፎተን፦ በዜሮ ዲግሪ ዙሪያ የቆመ ኑሮ

በሰሜናዊ ኖርዌይ ጠረፍ ከምትገኘው ከቡዶ ከተማ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚያቀናው የመንገደኞችና የመኪና ማመላለሻ መርከብ፣ ቬስትፊዮርድ የተባለውን ሰፊ ባሕር አቋርጦ ሞስኬኔስ ከተሰኘችው አነስተኛ ወደብ ለመድረስ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። አየሩ ጥርት ያለ ከሆነ፣ ጉዞው ገና ሳይጋመስ የመጋዝ ጥርስ የሚመስል የጥቁር ተራራ ሰንሰለት ከአድማሱ ላይ ብቅ ይላል። ኖርዌያውያን ይህን ትርኢት «የሎፎተን ግንብ» ይሉታል። ከሩቅ አንድ ወጥ ግድግዳ ይምሰል እንጂ መርከቡ እየቀረበ ሲሄድ ግንቡ እየተሰነጣጠቀ ወደ ደሴቶች ይከፋፈላል። በደሴቶቹ መካከል ጠባብ የባሕር መተላለፊያዎች፣ በተራሮቹ ግርጌ ደግሞ በቀይ ቀለም የተቀቡ የእንጨት ቤቶች ይታያሉ።

ስለ ሎፎተን የተጻፉ የጉዞ መጻሕፍት አብዛኛውን ገጻቸውን የሚሰጡት ለዚህ ውበት ነው። ውበቱንም የሚክድ አይኖርም። ሆኖም ወደዚያ ለሚሄድ የሳይንስ ወዳጅ ከተራሮቹ ይበልጥ ሊያስገርመው የሚገባው የሙቀት መለኪያው ነው። ከአርክቲክ ክበብ በላይ የሚኖሩት ወደ 24 ሺህ የሚጠጉ የደሴቶቹ ነዋሪዎች፣ አባቶቻቸው ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ኑሯቸውን የመሠረቱት በጥቂት ዲግሪዎች ላይ ነው። ባሕሩ በረዶ ለመሥራት የሚያንሰው ጥቂት ዲግሪ ነው፤ አየሩ ዓሣ ለማበስበስ የሚያንሰውም እንዲሁ ጥቂት ዲግሪ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ያ ጠባብ ልዩነት ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳስገኘና ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ይሆናል። (የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በረዶ የማይሠራው ባሕር

ከሎፎተን ደሴቶች ሁሉ ወደ ደቡብ ምዕራብ ርቃ የምትገኘው ሮስት የምታርፈው በ67.5 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ነው። ይኸው የኬክሮስ መስመር ወደ ምሥራቅ ሲከተሉት ቬርኮያንስክ በተባለችው የሳይቤሪያ ከተማ አጠገብ ያልፋል። በቬርኮያንስክ የጃንዋሪ ወር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲሆን፣ በ1892 ዓ.ም. ደግሞ ከዜሮ በታች 67.8 ዲግሪ ተመዝግቦባታል። በሮስት ግን የዚሁ ወር አማካይ ሙቀት ከዜሮ እምብዛም አይርቅም። ሁለቱ ቦታዎች ከፀሐይ የሚያገኙት ብርሃን ተመሳሳይ ነው። እንዲያውም ከዲሴምበር መጀመሪያ እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ ድረስ በሎፎተን ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም። በዓመቱ ውስጥ የቀኑ ርዝመት ከአንድ ሰዓት ብዙም በማይበልጥ ልዩነት በሚለዋወጥባት በአገራችን ለኖረ ሰው ይህን መገመት ቀላል አይደለም። ታዲያ ፀሐይ ሳይወጣ ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

የተለመደው መልስ «ከገልፍ ጅረት» የሚል ነው። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ያልተሟላ ነው። ከሐሩራዊው አትላንቲክ የሚነሣው ሞቃትና ጨዋማ ውኃ በአውሮፓ ምዕራባዊ ጠረፍ አልፎ የኖርዌይን ዳርቻ ተከትሎ ወደ ሰሜን ይፈሳል። ውኃ ሙቀት የመያዝ ዐቅሙ ከአየር እጅግ የላቀ በመሆኑ በበጋ ያጠራቀመውን በክረምት ቀስ በቀስ ይለቃል። ይሁን እንጂ ሪቻርድ ሲገርና ባልደረቦቹ በ2002 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ የምዕራብ አውሮፓ ክረምት ለስላሳ የሆነው በአብዛኛው ከደቡብ ምዕራብ በሚነፍሱት ነፋሳት ምክንያት ነው። የነፋሳቱን አቅጣጫ በመቅረጽ ረገድም የሰሜን አሜሪካ የሮኪ ተራሮች ሳይቀሩ ድርሻ አላቸው። ወደ ሰሜን በተጠጋን ቁጥር ግን የባሕሩ ሚና ይጎላል፤ የሰሜናዊ ኖርዌይ ጠረፍ ክረምቱን ሙሉ ከባሕር በረዶ ነፃ ሆኖ የሚቆየው ከደቡብ በሚመጣው በዚህ ውኃ ነው። ጀልባ በፌብሩዋሪ ከሎፎተን ወደብ መውጣት መቻሉ፣ የዚህ ሁሉ ታሪክ መነሻ ነው።

በረዶ የቀረጸው ምድር

ባሕሩ በረዶ ባይሠራም ምድሩን የሠራው በረዶ ነው። ፊዮርድ የሚለው ቃል ከኖርዌይ ቋንቋ ወደ ሌሎች ቋንቋዎች የገባ ሲሆን፣ ለሥነ ምድር ባለሙያ ትርጉሙ ጥብቅ ነው፦ የበረዶ ግግር የቦረቦረውና በኋላ ባሕር የሞላው ሸለቆ ማለት ነው። ለኖርዌይ ዓሣ አጥማጅ ግን ወደ የብስ ገባ ያለ የባሕር ክንድ ሁሉ ፊዮርድ ነው። ከላይ የጠቀስነው ቬስትፊዮርድም በስሙ እንጂ በአፈጣጠሩ ወደ ክፍት ባሕረ ሰላጤ ያዘነብላል።

ወንዝ ሸለቆ ሲቆፍር ወለሉ ከባሕር ጠለል እምብዛም ዝቅ ሊል አይችልም፤ ባሕር ሲደርስ ፍሰቱ ይቆማልና። የበረዶ ግግር ግን ይህ ገደብ የለበትም። በሺህ ሜትር የሚለካ ውፍረት ያለው በረዶ በክብደቱ ብቻ ወደ ታች እየተንሸራተተ፣ በሥሩ የያዛቸውን ድንጋዮች እንደ ሞረድ እየተጠቀመ፣ ከባሕር ጠለል በታች ጠልቆ ይፍቃል። በምዕራብ ኖርዌይ የሚገኘው ሶግኔፊዮርድ 1,308 ሜትር የሚደርስ ጥልቀት ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ግግሩ ከባሕሩ አፍ ሲደርስ ግን ይሳሳል፤ ከፊሉም መንሳፈፍ ስለሚጀምር ጉልበቱ ይደክማል። ስለዚህ በብዙ ፊዮርዶች አፍ ላይ እንደ በር ደፍ ከፍ ያለ ወለል ይቀራል። መርከበኞች ይህን ደፍ ጠንቅቀው ያውቁታል፤ የውኃውን መግቢያና መውጫ የሚወስነው እርሱ ነውና።

በሎፎተን ከሚገኙት ፊዮርዶች ዝነኛው ትሮልፊዮርድ ነው። ርዝመቱ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ሲሆን አፉ ላይ ስፋቱ 100 ሜትር ያህል ነው። በግራና በቀኝ ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጉ ተራሮች ቀጥ ብለው ቆመውበታል። ጎብኚዎችን የጫኑ መርከቦች እስከ መጨረሻው ገብተው ባሉበት ሲዞሩ መመልከት ትንፋሽ ያሳጥራል። በ1890 ዓ.ም. ግን ይህ ስፍራ የጠብ ሜዳ ነበር። በእንፋሎት የሚሠሩ መርከቦች ባለቤቶች የፊዮርዱን አፍ በመረብ ዘግተው ውስጡን በሞላው ዓሣ ላይ የብቻ ባለቤትነት በመያዛቸው፣ በቀዘፋና በሸራ የሚሄዱት ዓሣ አጥማጆች በጉልበት ጥሰው ገቡ። ነገሩ እስከ ሕግ አውጪዎች ደርሶ፣ በ1897 ዓ.ም. በወጣው የሎፎተን ሕግ ዓሣ አጥማጆቹ በመረጧቸው ወኪሎች አማካይነት የማጥመጃ ስፍራውን ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ተፈቀደላቸው።

የተራሮቹ ዓለት በብዙው ወደ 1.8 ቢሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አለው። ቅርጹ ግን በጂኦሎጂ ሚዛን የትናንት ነው። ከተራሮቹ ግርጌ እስከ ባሕሩ ድረስ ደግሞ ስትራንድፍላት የሚባል ጠባብ ሜዳ ተዘርግቷል፤ መንደሮቹም መንገዱም የእርሻ ቁራጮቹም ያሉት በዚሁ ላይ ነው። የዋልታ አሳሹ ፍሪድቾፍ ናንሰን የሰላም ኖቤል ሽልማት በተቀበለበት በ1922 ዓ.ም. ስለዚሁ ሜዳ አፈጣጠር የሚያትት ዳጎስ ያለ የምርምር ሥራ አሳትሟል። ሜዳው እንዴት እንደተፈጠረ የሚደረገው ክርክር ዛሬም አልተቋጨም። የዋናው መንገድ መጨረሻ የሆነችው መንደር ስም አንድ ሆሄ ብቻ ነው፤ እርሱም የኖርዌይ ፊደል የመጨረሻው ሆሄ ሲሆን «ኦ» ተብሎ ይነበባል።

መንገደኛው ዓሣ

ወደ ሎፎተን ከሚመጡት መንገደኞች ሁሉ ቀዳሚው ዓሣ ነው። ኮድ የሚባለው ዓሣ በሰሜን በባሬንትስ ባሕር ለዓመታት ተመግቦ ካደገ በኋላ፣ ለመራባት ሲደርስ በየክረምቱ እስከ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚደርስ መንገድ ተጉዞ ወደ ቬስትፊዮርድ ይመጣል። ይህን ተጓዥ ኮድ ኖርዌያውያን «ስክሬይ» ብለው ይጠሩታል፤ ቃሉ መንከራተትን፣ ወደፊት መጓዝን ከሚያመለክት ጥንታዊ ግሥ የተገኘ ነው።

ዓሣው ይህን ሁሉ የሚጓዝበት ምክንያት እንደገና ወደ ቴርሞሜትሩ ይመልሰናል። በክረምት በቬስትፊዮርድ ሁለት ዓይነት ውኃ ተደራርቦ ይገኛል። ከላይ ከወንዞች የተቀላቀለበት፣ ጨዉ አነስ ያለና ቀዝቃዛ የጠረፍ ውኃ ይተኛል። ከሥሩ ከአትላንቲክ የመጣው ሞቃትና ጨዋማ ውኃ አለ። ሞቃት ውኃ ወደ ላይ መውጣት ሲገባው ከታች መሆኑ ግር ያሰኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ጨው እፍግታውን ስለሚጨምርለት ቢሞቅም ይከብዳል። በሁለቱ መካከል ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ስስ የሽግግር ንብርብር ይፈጠራል። ስክሬይ እንቁላሉን የሚጥለው በዋናነት በዚሁ ንብርብር ውስጥ ነው። አጥማጆችም መረባቸውን ወይም መንጠቋቸውን ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንደሚያወርዱ የሚወስኑት ይህ ንብርብር በየዓመቱ የት እንደሚገኝ በማየት ነው።

የዓሣ ሳይንስ ራሱ ለሎፎተን ባለዕዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የኖርዌይ መንግሥት በ1864 ዓ.ም. ጊዮርግ ኦሲያን ሳርስ የተባለውን ወጣት የሥነ ሕይወት ተመራማሪ የዓሣ ምርቱ ከዓመት ዓመት ለምን እንደሚዋዥቅ እንዲያጠና ወደ ደሴቶቹ ላከው። በዚያን ዘመን የዓሣ እንቁላል በባሕር ወለል ላይ እንደሚያርፍ ይታመን ነበር። ሳርስ ግን በስስ መረብ ከውኃው የላይኛው ክፍል የኮድ እንቁላል ጠለፈ፤ እንቁላሉ ይንሳፈፋል። ግኝቱ ቀላል ይምሰል እንጂ ትርጉሙ ከባድ ነው። የሚንሳፈፍ እንቁላል የጅረቱ ተገዢ ነው፤ ጅረቱም ወደ ሰሜን፣ ወላጆቹ ወደመጡበት ወደ ባሬንትስ ባሕር ይወስደዋል። አንዲት እናት ዓሣ በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ብትጥልም ከእጮቹ ውስጥ ለአቅመ ዕድገት የሚደርሱት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ሌላው ኖርዌያዊ ዮሃን ዮርት በ1914 ዓ.ም. ባሳተመው ሥራ፣ የምርቱ መዋዠቅ ምስጢር በዚህ የሕፃንነት ወቅት እንደሚገኝ አመለከተ። እጮቹ በተፈለፈሉበት ሳምንት የሚበሉትን ጥቃቅን ፕላንክተን ካገኙ በዚያ ዓመት የተወለደው ትውልድ ለዓመታት መረቡን ይሞላል፤ ካጡም ክፍተቱ ለዓመታት ይታያል።

በደሴቶቹ ደቡባዊ ጫፍ ሞስክስትራውመን የተባለው ስመ ጥር አዙሪት ይገኛል። ኤድጋር አለን ፖ በ1841 ዓ.ም. ያሳተመው አጭር ልብ ወለድ መርከብ የሚውጥ ጥልቅ ጉድጓድ አድርጎ ካቀረበው ወዲህ በዓለም ዙሪያ ዝናው ናኘ። እውነታው ከልብ ወለዱ ይለያል፤ ለተማሪ ግን ይበልጥ ይጥማል። የባሕር ሙላት በመጣ ጊዜ የደሴቶቹ ሰንሰለት ስለሚያግደው በቬስትፊዮርድ በኩል ያለው ውኃ ከውጪው ባሕር ከፍ ይላል፤ ልዩነቱም ውኃውን በጠባቡና ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነው መተላለፊያ በኩል በኃይል ይገፋዋል። ቢዮርን ዬቪክና የሥራ ባልደረቦቹ በ1997 ዓ.ም. «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ ይህን በሒሳባዊ ሞዴል አሳይተዋል። ወለል የሌለው ጉድጓድ የለም፤ ግን ስፋታቸው በኪሎ ሜትር የሚለካ አዙሪቶች አሉ፤ ለትንሽ ጀልባም አስፈሪዎች ናቸው።

ያለ ጨው የሚደርቅ

በማርች ወር ከመንደሮቹ ወደ አንዱ የገባ ሰው ከሁሉ በፊት የሚቀበለው ሽታው ነው። በየሜዳው ከተተከሉ ረጃጅም የእንጨት ማስጫዎች ላይ ሁለት ሁለት እየሆኑ በጅራታቸው የታሰሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ዓሦች ተሰቅለዋል። ራሳቸው ተቆርጧል፤ ሆድቃቸው ወጥቷል፤ ቅንጣት ጨው ግን አልነካቸውም። ራሶቹ ለብቻ ይሰቀላሉ። ምላሱን ከራሱ ላይ የመቁረጡ ሥራ በባህል የልጆች ነው፤ ከትምህርት ቤት መልስ ስለታም ቢላዋ ይዘው በዚህ ሥራ የኪስ ገንዘብ ያገኛሉ።

የእኛ አንባቢ ቋንጣን ስለሚያውቅ ነገሩን በንጽጽር ማስረዳት ይቀላል። ሥጋ ለማድረቅ ከባክቴሪያ ጋር እሽቅድምድም መግባት የግድ ነው፤ ባክቴሪያ ሳይራባ ውኃው መውጣት አለበት። ቋንጣ የሚሠራ ሰው እሽቅድምድሙን የሚያሸንፈው በፍጥነት ነው፦ ሥጋውን በቀጭኑ ይዘለዝላል፣ ጨውና ቅመም ያሸዋል፣ በደረቅ አየር ላይ ይሰቅላል። የሎፎተን ሰው ግን ዓሣውን ሙሉውን ይሰቅላል፤ አየሩም የባሕር አየር በመሆኑ እርጥብ ነው። እርሱ የሚያሸንፈው ተቃዋሚውን በማዘግየት ነው። በዜሮ ዲግሪ ዙሪያ ባክቴሪያ እንቅልፍ ይይዘዋል ለማለት ይቻላል፤ ነፋሱ ደግሞ ሳያቋርጥ ሥራውን ይሠራል። ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ በሚዘልቀው ጊዜ፣ ከዓሣው ክብደት አምስት እጅ አራቱን ያህል የያዘው ውኃ አብዛኛው ይወጣል። የሚቀረው እንጨት የመሰለ፣ ያለ ማቀዝቀዣ ለዓመታት የሚቆይ የፕሮቲን ግንድ ነው።

የኮድ ተፈጥሮም ያግዛል። ስቡን የሚያከማቸው በጉበቱ ስለሆነ ሥጋው ከአንድ በመቶ ያነሰ ስብ ነው ያለው። ስብ የበዛበት እንደ ሄሪንግ ያለ ዓሣ በዚህ መንገድ ቢሰቀል ከመድረቁ በፊት ይሻግታል።

ይህ ጠንካራ ዓሣ የሎፎተንን ስም ሎፎተን ካልደረሰባቸው አገሮች አድርሶታል። ዛሬ በሰሜን ጀርመን በምትገኘው በሃይታቡ የተገኙ የቫይኪንግ ዘመን የኮድ አጥንቶች ዲኤንኤ ሲመረመር፣ ዓሦቹ ከሰሜናዊ ኖርዌይ የመጡ መሆናቸው በ2017 ዓ.ም. ተረጋግጧል። በ1431 ዓ.ም. ከቀርጤስ ወይን ጭኖ ወደ ፍላንደርስ የተነሣው የቬኒሱ መኮንን ፒየትሮ ኩዌሪኒ መርከቡ በማዕበል ተሰባብሮበት፣ ከብዙ እንግልት በኋላ በሮስት አጠገብ ወዳለች ሰው አልባ ደሴት ተጣለ። በሕይወት የተረፉትን ጥቂት ሰዎች የሮስት አጥማጆች አግኝተው አስተናገዷቸው። ኩዌሪኒ አገሩ ሲመለስ ያየውን ጻፈ፤ ኢጣሊያ እስከ ዛሬ የደረቁ ዓሣ ትልቋ ገበያ ናት። ራሶቹ በአብዛኛው የሚሄዱት ወደ ናይጄሪያ ሲሆን በሾርባና በወጥ ውስጥ ጣዕም ይሰጣሉ። ከ1967 እስከ 1970 ዓ.ም. በተካሄደው የቢያፍራ ጦርነት ወቅት የደረቀ ዓሣ ለተራቡት በእርዳታ መልክ ተልኮ ነበር፤ ያለ ማቀዝቀዣ የማይበላሽ ፕሮቲን መሆኑ ለዚህ አብቅቶታል።

ጥቂት ዲግሪ ሲዛነፍ

አሁን ጉዳዩ አሳሳቢ ወደሆነበት ደርሰናል። አየሩ በክረምት አጋማሽ ከዜሮ በታች ብዙ ቢወርድ በዓሣው ሥጋ ውስጥ የሚፈጠረው የበረዶ ቅንጣት ሕዋሳቱን ይሰነጥቃል፤ ዓሣው ሲደርቅ እንደ ስፖንጅ ይሆናል። በጸደይ ቶሎ ቢሞቅ ደግሞ ዝንብ ይጥልበታል፤ ዝናብ ከበዛበትም ይሻግታል። ስለዚህ የአርክቲክ አካባቢ ከተቀረው ዓለም በፈጠነ መጠን እየሞቀ መሆኑ ለማስጫዎቹ ባለቤቶች ሩቅ ዜና አይደለም።

ዓሣውም የራሱን ቴርሞሜትር ይከተላል። ስቬይን ሱንድቢና ኡድ ናከን በ2008 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናት ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ የተሰበሰበ መረጃን መርምሮ፣ ባሕሩ በሞቀባቸው ዘመናት ስክሬይ እንቁላል የሚጥልበት ስፍራ ወደ ሰሜን እንደሚሸሽ፣ በቀዘቀዘባቸው ዘመናት ደግሞ ወደ ደቡብ እንደሚመለስ አሳይቷል። ይህ ለዓሣው አደጋ ላይሆን ይችላል፤ ሌላ ምቹ ስፍራ ያገኛል። ማስጫው፣ ወደቡና ቤቱ ግን ከዓሣው ጋር አይሰደዱም። በሰሜን ርቀው በሚገኙት ጠረፎች ዓሣው ቢበዛም የክረምቱ ብርድ ለማድረቅ ያን ያህል አይመችም። የሎፎተን ዕድል ሁለቱ ልከኛ ሙቀቶች፣ የባሕሩና የአየሩ፣ በአንድ ቦታ መገጣጠማቸው ነበር።

ሁሉንም በሙቀት ማሳበብ ግን ትክክል አይሆንም። በ1989 ዓ.ም. የኮድ ክምችት ክፉኛ በማሽቆልቆሉ የኖርዌይ መንግሥት በኤፕሪል ወር በጠረፍ የሚደረገውን የኮድ ማጥመድ አስቆመ፤ ዋነኛው ምክንያት ከልክ ያለፈ ማጥመድ ነበር። ኖርዌይና ሩሲያ በጋራ በሚወስኑት ኮታ ጥብቅ ቁጥጥር ተደርጎ ክምችቱ አገገመና በ2013 ዓ.ም. ኮታው አንድ ሚሊዮን ቶን ደረሰ። ከዚያ ወዲህ እንደገና እየወረደ መጥቶ ለ2025 ዓ.ም. የተወሰነው 340 ሺህ ቶን ብቻ ነበር፤ እስከዚያን ጊዜ ድረስ ከ1991 ዓ.ም. ወዲህ ዝቅተኛው ነበር። ደካማ ትውልዶች በተከታታይ መወለዳቸው ለዚህ አንዱ ምክንያት ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ዮርት ያነሣው ጥያቄ ዛሬም በሥራ ላይ ነው ማለት ነው።

መቼ ልሂድ ለሚል ሰው የጉዞ ድርጅቶች የሚመክሩት ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ፣ ፀሐይ የማትጠልቅበትን ወቅት ነው። በበኩሌ የምመርጠው ማርችን ነው። በዚያ ወር ብርሃኑ ተመልሷል፣ ጀልባዎቹ በባሕር ላይ ናቸው፣ ማስጫዎቹም ሞልተዋል። ቀድሞ አጥማጆች ያርፉባቸው የነበሩት፣ ዛሬ በአብዛኛው ለእንግዳ የሚከራዩት ሮርቡ የሚባሉ ቀይ ጎጆዎችም በዚያ ወቅት እንደ በጋው አይጨናነቁም። ሬይነብሪንገን የተባለውን ተራራ ለመውጣት ለሚፈልግ ግን በጋው ይሻላል። ጎብኚ ብዛቱ የሸረሸረውን መንገድ ከኔፓል የመጡ ሼርፓዎች በድንጋይ ደረጃ ሠርተውታል፤ ደረጃው በክረምት በበረዶ ይሸፈናል።

በጁን የሄደ መንገደኛ ደግሞ ሌላ ነገር ያያል። ማስጫዎቹ ባዶ ይሆናሉ፤ ዓሣው ወደ መጋዘን ገብቶ መራጩ ፊት ይቀርባል። መራጩ እያንዳንዱን ዓሣ አንሥቶ ያገላብጣል፣ ወደ ብርሃን አቅንቶ ያያል፣ ያሸታል፣ ከዚያም ወደ ሃያ ከሚጠጉት ደረጃዎች በአንዱ ይመድበዋል። ብርድ የመታውን፣ ዝናብ የነካውን፣ ዝንብ ያረፈበትን በእጁ ለይቶ ያውቃል። የዚያን ዓመት ክረምትና ጸደይ እንዴት እንዳለፉ ለማወቅ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያውን መዝገብ መጠየቅ አያስፈልገውም።